የሌሊቱ ወፍ የትኛው ነው?

በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ወጥተን ሳለ ከደረሰብን ነገር አንዱን ለአንባቢያን ለማቅረብ ብዕር ስናነሣ፣ ከሦስታችን አንዱ «ተዉት እባካችሁ፤ ራሳችንን ከማዋረድ በቀር ምን ይጠቅማል?» ብሎ ነበር። ሁለታችን አልተስማማንም። በዚህ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሁሉ ስለተሳካ ትምህርት ብቻ የሚያወራ ከሆነ፣ ነገ ተራው የሚደርሳቸው ጓደኞቻችን ያልተሳካውን ከየት ያገኙታል? ስለዚህ ጻፍነው። ተቃዋሚያችንም በመጨረሻ ተሸንፎ ርእሱን በትልልቅ ፊደል የጻፈው እሱ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ከሁላችንም ይበልጣልና።

የተመደብነው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የደረሰንም አራተኛ ክፍል ነበር። የዕለቱ ርእስ «የእንስሳት ምደባ» ይላል። (ምደባ ሲባል የራሳቸው ምደባ ትዝ ብሏቸው ለሚደነግጡ ጓደኞቻችን፦ አይዟችሁ፣ ይኼ የእንስሳቱ ነው።) ሁለት ሌሊት ተዘጋጅተንበታል። የትምህርት ዕቅዱ በሦስት ቀለም ተጽፏል፤ መርጃ መሣሪያው በካርቶን ተሠርቷል። ዋናዋ መኩሪያችን ግን የሌሊት ወፍ ነበረች።

ሐሳባችን እንዲህ ነው። ተማሪዎቹን «የሌሊት ወፍ ወፍ ናት?» ብለን እንጠይቃለን። ልጆቹም ስሟን ሰምተው፣ ክንፏን አስበው «አዎ!» ይላሉ። በዚህ ጊዜ ከካርቶን የሠራናትን አውጥተን፣ «አይደለችም! ልጇን ወልዳ ታጠባለች፤ በሰውነቷ ላይ ያለውም ጠጕር እንጂ ላባ አይደለም፤ ስለዚህ አጥቢ እንስሳ ናት። ስምና መልክ አያታልላችሁ» እንላለን። እንዳሰብነውም ሆነ። ያችን ግብር ላለመክፈል ወፎቹ ሲመጡባት ጥርሷን፣ አይጦቹ ሲመጡባት ክንፏን የምታሳየውን የተረቷን የሌሊት ወፍ ልጆቹ ከቤታቸው ያውቋት ስለነበር ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ ተቀምጠው የሚመለከቱን የክፍሉ መምህርት እንኳ ፈገግ አሉ። እኛም ልባችን አበጠ።

ከዚህ በኋላ አምስት ደቂቃ አልቆየንም፤ ወደቅን።

በመጨረሻው ረድፍ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ አስፋልት ዳር ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ነው። ከቦርሳው ውስጥ ሁላችሁም የምታውቁትን ክብ የኪዊ ቀለም ቆርቆሮ አውጥቶ ከፍ አድርጎ ያዘው። «ቲቸር፣ ይኼስ? ክንፍም የለው፣ ጅራትም የለው። ወፍ ነው ወይስ ምንድን ነው?»

በሰሌዳው አጠገብ ቆሞ የነበረው ከመካከላችን አንዱ ነው። ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ሌሎቻችንም ብንሆን የተለየ መልስ አይኖረንም ነበርና ጥፋቱ የጋራ ነው። «እሱ የፋብሪካ ምልክት ነው እኮ» አልን። «ሥዕል ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ የለም። ደግሞስ ክንፍ ከሌለው እንዴት ወፍ ይሆናል? በል ቆርቆሮህን አስቀምጥና ወደ ትምህርታችን።»

ክፍሉ ሳቀ። የፊተኛው ሳቅ ከእኛ ጋር ነበር፤ ይኼኛው ግን በልጁ ላይ ነው። አንዱ «ቀለም!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ተቀበለው። ልጁ ቆርቆሮውን ወደ ቦርሳው መልሶ ተቀመጠ። በዕረፍት ሰዓት መምህርቷ ጠጋ ብለው፣ «ያ ልጅ ዘንድሮ በገዛ ፈቃዱ እጁን ሲያወጣ ያየሁት ዛሬ ነው» አሉን። ሌላ ነገር አልተናገሩም። በማግስቱ ልጁ እጁን አላወጣም። በሦስተኛውም ቀን አላወጣም።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ተቆጣጣሪ መምህራችን በማግስቱ ሊጎበኙን ስለነበር፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ጫማችንን በዚያው ቀለም እንወለውል ጀመር። ክዳኑ ላይ ያለው ረጅም አፍ፣ ጐባጣ ፍጡር ከእጃችን ሥር ሆኖ ያየን መሰለን። አንዳችን ቡርሹን አቁሞ «እንዴ! ይኼ ነገር የምር የለም?» አለ። ያን ጊዜ ስልክ ተከፈተ፤ በማግስቱም ቤተ መጻሕፍት ተገባ፤ የባዮሎጂ መምህራችንም ተጠየቁ። እሳቸውም መጀመሪያ ስቀው ስቀው ሲያበቁ፣ «ለመሆኑ ሰጎን የምትባል ወፍ ሰምታችሁ አታውቁም?» አሉን።

ሰጎንን ረስተን! የሌሊት ወፍ በመብረሯ ብቻ ወፍ አትባልም ብለን አስተምረን ሳናበቃ፣ የማይበርረው ሁሉ ወፍ አይደለም ብለን አረፍነው። ስምና መልክ አያታልላችሁ ያልነው እኛ ነን፤ በስምና በመልክ የተታለልነውም እኛው ነን።

እንግዲህ ካገኘነው እናካፍላችሁ።

የቀለሙ ስም ከወፉ መጣ እንጂ ወፉ ከቀለሙ አልመጣም። ዊልያም ራምሴ የተባለ ሰው በ1906 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ የጫማ ቀለም ለገበያ ሲያወጣ፣ ባለቤቱ የኒውዚላንድ ተወላጅ ስለነበረች የአገሯን ወፍ ስሙንም መልኩንም ለቆርቆሮው ሰጠው። ኪዊ የሰጎን ዘመድ ነው። ከሁሉ የቅርብ ዘመዱ ግን በማዳጋስካር ደሴት ይኖር የነበረውና አሁን ከምድር የጠፋው ግዙፉ የዝሆን ወፍ መሆኑ በ2014 በተደረገ የዘር ምርመራ ታውቋል። ክንፍ የለውም ማለታችንም ቢሆን ሐሰት ነው። አለው፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ጠጕር በሚመስለው ላባው ሥር ተሸሽጓል፤ ጫፉም ላይ ጥፍር አለችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኒውዚላንድ ከጥንቱ ታላቅ የደቡብ ምድር ከተገነጠለች 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። ሰው እግሩን ከማስገባቱ በፊት፣ በባሕር ዳርቻዋ ብቅ ከሚሉት የባሕር እንስሳት በቀር፣ በዚያች አገር የሚኖረው አጥቢ እንስሳ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሌሊት ወፍ ብቻ! አይጥ የለ፣ ድመት የለ፣ ቀበሮ የለ፣ ጃርት የለ። በሌላው ዓለም ጨለማ ሲሆን ወጥቶ፣ በጫካው ወለል ላይ የረገፈውን ቅጠል እየገለበጠ ትልና ነፍሳት የሚለቅመው አይጠ መጎጥና እሱን የመሳሰለው ትናንሽ አጥቢ ነው። እዚያ ግን መደቡ ክፍት ነበር። ክፍት መደብ ካለ ደግሞ አመልካች አይጠፋም፤ ኪዊ በወፍነቱ ሳለ በአጥቢ መደብ ላይ ተቀጠረ ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ሥራውን እንዴት እንደያዘው ማየት ያስደንቃል። ሌላው ወፍ የአፍንጫው ቀዳዳ ከምንቃሩ ሥር፣ ከፊቱ አጠገብ ነው፤ የኪዊ ግን ምንቃሩ ጫፍ ላይ ነው። ከአዕዋፍ ሁሉ እንዲህ ያለው እሱ ብቻ ነው። ምንቃሩን አፈር ውስጥ ሰክቶ እያሸተተ ትል ይፈልጋል፤ አፈር ሲገባበትም እፍ እያለ ያስወጣዋል። ዐይኑ ትንሽና ደካማ ነው። በምንቃሩ ሥር እንደ ድመት ጢም ያለ የሚዳስስበት ላባ አለው። ቀን ቀን ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የሚበርሩ ወፎች አጥንታቸው ክፍትና ቀላል ሲሆን የእሱ የእግር አጥንት ግን መቅኔ የሞላው ከባድ ነው። የአብዛኞቹ ወፎች የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ሳለ የእሱ 38 ገደማ ነው፤ ይኼም ለእኛ ለአጥቢዎቹ የቀረበ ነው።

ከእሱ ጋር በአንድ ጫካ የምትኖረው ደግሞ አጭር ጭራ የምትባለው የሌሊት ወፍ ናት። የአገሩ ነባር ሕዝብ ማኦሪዎች ፔካፔካ ይሏታል። ክብደቷ ከ12 እስከ 15 ግራም፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢሆን ነው። ይህች ጉደኛ መብረር ትችላለች፤ ነገር ግን ሲያሻት ከዛፏ ወርዳ፣ ክንፏን እንደ ጃንጥላ አጣጥፋ በጎኗ ታስገባውና በአራት እግሯ በረገፈው ቅጠል ውስጥ እየተሯሯጠች ነፍሳት ታድናለች። ላያት ሰው አይጥ ናት። የምታርፈው ባረጁ ትልልቅ ዛፎች ባዶ ግንድ ውስጥ፣ በብዛት ተጠጋግታ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቡልን። ወፉ ክንፉን ጥሎ እንደ አጥቢ በመሬት ላይ ይሄዳል፤ አጥቢዋ በክንፏ በርራ መጥታ፣ ክንፏን አጥፋ እዚያው መሬት ላይ ትገናኘዋለች። ሁለቱም ጨለማን ይመርጣሉ፤ ሁለቱም አንድ ቅጠል ይገለብጣሉ። ደግሞ በአማርኛችን «የሌሊት ወፍ» የምንላት ወፍ አይደለችም፤ የሌሊት ወፍ ሊባል የሚገባው እውነተኛው ወፍ ደግሞ በቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ «የለህም» ተባለ። በዚህ ብቻ አላበቃም። በኒውዚላንድ ሕዝቡ በየዓመቱ በድምፁ የዓመቱን ወፍ የሚመርጥበት ውድድር አለ። በ2021 ያሸነፈችው ማን ትመስላችኋለች? የዚችው የእኛ ጉደኛ ዘመድ፣ ረጅም ጭራ የምትባለው የሌሊት ወፍ! አዘጋጆቹ የተረሳች ናት ብለው በእንግድነት ቢያስገቧት ወፎቹን ሁሉ በልጣ ተመረጠች። የተረቷ የሌሊት ወፍ ይኼን ብትሰማ ግብሩን በደስታ ትከፍል ነበር።

ልዩነታቸው በልጅ አስተዳደግ ላይ ጎልቶ ይታያል። የሌሊት ወፏ በዓመት አንድ ልጅ ወልዳ በጡቷ ታሳድጋለች። ኪዊ ግን ጡት የለው ምን ያድርግ? እንስቷ ከሰውነቷ ክብደት አምስተኛ እጅ ሊደርስ የሚችል እንቁላል ትጥላለች። የቡናማው ኪዊ እንቁላል 450 ግራም ያህል ሲሆን የዶሮ እንቁላል 60 ግራም ቢሞላ ነው፤ ወፊቱ ግን ከደህና ዶሮ ብዙም አትበልጥም። ሐበሻ ዶሮ በ21 ቀን ትፈለፍላለች፤ የቡናማው ኪዊ አባት (አዎ፣ የሚታቀፈው አባትየው ነው) 80 ቀን ያህል ይታቀፋል። የእንቁላሉ ከግማሽ በላይ አስኳል ነው። ጫጩቱ ሲፈለፈል ማንም አያበላውም፤ ሆዱ ውስጥ የቀረውን አስኳል እየተመገበ ቀናት ይቆይና ራሱ ወጥቶ ይለቅማል። እናቲቱ የምታጠባውን ወተት አስቀድማ በእንቁላሉ ውስጥ አሰናድታ ሰጠችው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ አጥብታለች ወይስ አላጠባችም? ይህን ጥያቄ ለመምህራኖቻችን እንተወዋለን።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ተረት ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው።

በጥንቱ ኒውዚላንድ የኪዊ ጠላቶች ከላይ የሚመጡ ንስር፣ ጭልፊትና ጉጉት ነበሩ። የእነዚህን ዐይን ለማምለጥ ቅጠል መስሎ ዝም ማለት ይበቃል። ስለዚህ ኪዊ ቡናማ ሆነ፣ ዝም ማለትንም ተማረ። ከ700 ዓመት ገደማ በፊት ማኦሪዎች ውሻና አይጥ ይዘው መጡ፤ ከዚያም አውሮፓውያን ተከተሉና ለአደንና ለምግብ ብለው ጥንቸል አመጡ። ጥንቸሉ ተባዝቶ የበጎቹን ሣር ጨረሰባቸው። የበግ አርቢዎቹ ጮሁ፤ መፍትሔ ተብሎ በ1880ዎቹ ስቶት የተባለው እንስሳ ከብሪታንያ በመርከብ ተጭኖ ገባ። የአዕዋፍ አዋቂዎች ይኼ ነገር ለወፎቻችን አይበጅም ብለው ቢቃወሙም ሰሚ አላገኙም።

ስቶት ምንድን ነው? ዶሮ ባለበት ቤት ያደግን ሁላችን ሸለምጥማጥን እናውቃለን። ዘራቸው የተለያየ ቢሆንም ሥራቸው አንድ ነው። ስቶት ቀጭንና ረጅም፣ ክብደቱ ከ200 እስከ 350 ግራም የሆነ ትንሽ የጫካ አጥቢ ነው። በአውሮፓ የክረምቱ ነጭ ቆዳው የነገሥታት ካባ ማስጌጫ ነበር። ዛፍ ይወጣል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር ዋኝቶ ደሴት ይገባል፤ እንስቷ በአንድ ጊዜ እስከ 12 ልትወልድ ትችላለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያድነው በማሽተት ነው። ኪዊ ቅጠል መስሎ ዝም ይላል፤ ስቶት ግን ቅጠል አያይም፣ ይሸትተዋል። ያ ንስሩን ያሳወረ ብልሃት እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። እናትም አባትም የማይመግቡት ጫጩት ብቻውን ሲለቅም ስቶቱ አንገቱን ይይዘዋል። ጫጩቱ አንድ ኪሎ ግራም ያህል እስኪሞላ ድረስ በእርግጫ ራሱን መከላከል አይችልም። ጥበቃ በማይደረግበት ጫካ ከሚፈለፈሉት 100 ጫጩቶች 95ቱ ለመራባት ሳይደርሱ ያልቃሉ።

ትልቁንም ኪዊ የሚጨርስ አለ፤ ውሻ። የሚበርሩ ወፎች የክንፋቸው ጡንቻ የሚያያዝበት ጠንካራ የፍርምባ አጥንት አላቸው፤ ኪዊ ይኼ ስለሌለው ውሻ ለጨዋታ ያህል በአፉ ቢይዘው እንኳ ደረቱ ይደቅቃል። በ1987 በአንድ የሰሜን ኒውዚላንድ ጫካ ውስጥ ባለቤት ያጣች አንዲት ውሻ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 500 ያህል ኪዊ እንደገደለች ተገምቷል። የሌሊት ወፏም አልተረፈችም። ክንፏን አጥፋ መሬት ላይ በምትውልበት ሰዓት ለአይጥም፣ ለድመትም፣ ለስቶትም እኩል ናት። ከእሷ ተለቅ የምትለው እህቷ መጨረሻ መጠጊያዋ ወደነበረችው ትንሽ ደሴት በ1960ዎቹ አይጥ ከመርከብ ወርዶ ገባ፤ በ1967 ከታየች ወዲህ የት እንደደረሰች አይታወቅም።

ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ኪዊ፣ አምስቱም ዓይነት አንድ ላይ ተቆጥሮ፣ 70,000 ገደማ ነው። ጥበቃ በሌለበት ቦታ በየዓመቱ ከ100 ሁለቱ ይቀንሳል። በ1990ዎቹ ግን አንድ ዘዴ ተጀመረ፤ እንቁላሉን ከጫካ ሰብስቦ በመፈልፈያ መሣሪያ ማስፈልፈል፣ ጫጩቱንም አንድ ኪሎ ግራም እስኪሞላ አሳድጎ ወደ ጫካው መመለስ። እንዲህ ከተደረገላቸው ከ100 65 ያህሉ ይተርፋሉ።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ክፍል ተመለስን። ተቆጣጣሪ መምህራችን ከኋላ ተቀምጠዋል፤ የዕለቱ ዕቅዳችን ግን ሌላ ነው። ምን እናድርግ? አስፈቀድናቸው። «አሥር ደቂቃ» አሉን፤ ፊታቸው አልተፈታም። ተማሪዎቹ ፊት ቆመን፣ «ባለፈው ጓደኛችሁ ጠይቆን የተሳሳተ መልስ ሰጥተናል። ትክክል የነበረው እሱ ነው፣ የተሳሳትነው እኛ ነን» አልን። ይህን ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን የሚያውቅ ያለ ይመስለናል፤ ጕሮሮ ይደርቃል። ክፍሉም አልሳቀም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛውን በጣቱ ይፍቅ ነበር።

ከጭቃ የሠራነውን፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነውን የኪዊ እንቁላል ከዶሮ እንቁላል ጋር አስቀመጥን። ከዚያም 60ውን ተማሪ ሁሉ አስነሣንና፣ «እናንተ ጫጩቶች ናችሁ፤ ስቶት መጣ» ብለን 57ቱን አስቀመጥን። ሦስት ልጆች ብቻ ቆመው ቀሩ። እንደገና አስነሥተን «አሁን ሰው አሳድጎ መለሳችሁ» ስንል 39 ቆሙ። የተቀመጡት «እኛስ?» ብለው አኮረፉ። ይኼን ያህል ጸጥታ የሰፈነበት ክፍል በልምምዳችን ሁሉ አላየንም። አንዲት ልጅ «በእኛ አገርስ በመሬት ላይ የምትኖር እንዲህ የተቸገረች ወፍ አለች?» ብላ ጠየቀች። በነገሌ ቦረና አጠገብ በሊበን ሜዳ የምትኖረውን፣ በዓለም እጅግ ከተመናመኑት አንዷ የሆነችውን ትንሽ ቡናማ ወፍ ነገርናት። የእሷ ነገር ግን ሌላ ነው። መብረር ትችላለች፤ የተቸገረችው ሣሩ በከብት ግጦሽ፣ በቍጥቋጦና በእርሻ ስላለቀባት ነው። ይኼ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ እዚህ ላይ እናልፈዋለን።

አሥሩ ደቂቃ ሃያ አምስት ሆነ። ተቆጣጣሪያችን ሰዓት አጠቃቀም በሚለው ሣጥን ውስጥ የሰጡንን ነጥብ ባንናገረው ይሻላል።

ልንጨርስ ስንል ያ ልጅ እጁን አወጣ። ሦስታችንም እኩል «አቤት!» አልን። በልምምድ መመሪያው እንዲህ አይባልም።

«ቲቸር፣ ስቶቱስ አሁን ምን ይደረጋል?»

መለስንለት። የኒውዚላንድ መንግሥት በ2016 ባወጣው ውጥን መሠረት፣ ከውጭ የገቡትን ስቶቶች፣ አይጦችና ፖሰም የተባሉትን እንስሳት እስከ 2050 ድረስ ከአገሩ ሁሉ በወጥመድና በመርዝ ለማጥፋት እየተሠራ ነው አልነው።

ልጁ ትንሽ አሰበ። «እሱ ግን በራሱ አልመጣም» አለ። «ጥንቸል ብላ ብለው በመርከብ አምጥተውት የለ? ምን አጠፋ?»

ደወሉ ተደወለ፤ እውነቱን ለመናገር ደወሉ አዳነን።

ከዚያ ወዲህ እኛ ሦስታችን በዚህ ጥያቄ ላይ አልተስማማንም። አንዳችን «ሌላ ምርጫ የለም፤ ስቶት በአውሮፓ ሞልቷል፣ ኪዊ ግን ከዚያች አገር ሌላ አገር የለውም፤ ከሁለቱ አንዱ መሄድ ካለበት መሄድ ያለበት እንግዳው ነው» ይላል። ሌላው ይኼን ተቀብሎ፣ «ቢሆንም ለአራተኛ ክፍል ልጅ 'ጥፋቱ የሰዎቹ ነበር፣ የሚሞተው ግን ስቶቱ ነው' ብሎ ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል» ባይ ነው። ርእሱን በትልቁ የጻፈው ጓደኛችን ደግሞ «ገና ሳናጣራ ዛሬም ቸኩለን እንዳንመልስ» ይላል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፈሪ ነው እንዳንለው ደግሞ ልክ ሳይሆን አይቀርም።

በሚቀጥለው ወር ለሁለተኛው ዙር ልምምድ ወደዚያው ትምህርት ቤት እንመለሳለን። ልጁ እንደሚጠይቀን እናውቃለን። ሐሳብ ያላችሁ አንባቢያን፣ መምህራኖቻችንም ጭምር፣ ከጽሑፉ ሥር በተለጠፈው ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉልን። እርሳሱ በክር ታስሯል፤ እባካችሁ እንዳትወስዱት።